የሚመጡት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሳይኮሎጂ ጨርሰሽ ሐዘንተኞችን የማማከር ሥራ መሥራት ፈልገሻል። ቤተሰብ ግን «ዕድሜ ልክሽን ለቅሶ ልትቀመጪ ነው? እድር ባለበት አገርስ ማን ከፍሎ ይመጣል?» ይልሻል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በዚሁ ሥራ 11 ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን ልንገርሽ።

እድር ትልቅ ሀብታችን ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ተብሎ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። ያንን እኔ አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ልተካው አልችልም።

እኔ ጋ የሚመጡት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። አንዷ ከአርባው በኋላ፣ አንዱ ከሙት ዓመቱ በኋላ። ሰው ወደየሥራው ተመልሷል፣ ስልኩም ቀዝቅዟል፤ እነሱ ግን ገና አሁን ነው የገባቸው። ጭራሽ ድንኳን ያልተተከለላቸውም አሉ። ፅንስ የጨነገፈባት፣ ልጇ ራሱን አጥፍቶባት ምክንያቱን ደብቃ የቀበረች፣ ወንድሟ ባሕር ሲሻገር የቀረባት። የመጨረሻው በጣም ይከብደኛል። አስከሬን የለም፣ የሞተበት ቀን አይታወቅም። አንዲት ልጅ «እርሜን ላውጣ ብዬ ካለቀስኩ እኔ የገደልኩት ይመስለኛል» አለችኝ። ያን ቀን «እርም ማውጣት» የሚለው ቃል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ገባኝ።

በመጀመሪያው ዓመቴ ልጇን ለቀበረች እናት «ጊዜ ሁሉንም ያሽረዋል» አልኳት። አመሰገነችኝ፤ አልተመለሰችም። ለቅሶ ቤት ስትሰማ የከረመችውን ነበር የደገምኩላት። በቃሽ፣ ከእግዚአብሔር አይበልጥም፣ አታልቅሺ ነፍሱን ታስጨንቂያለሽ። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚባለው። ግን ሴትየዋን ዝም ያሰኛታል። አሁን የምጀምረው «ስሙ ማን ነበር?» ብዬ ነው፤ ከዚያ እሰማለሁ።

አንዲት እናት ነበሩ (እንዳይታወቁ ታሪካቸውን ለውጬዋለሁ)። የሞተውን ልጃቸውን ስልክ ማታ ማታ ቻርጅ ያደርጋሉ። ቤተሰቡ አበዱ ብሎ ስልኩን ይደብቅባቸው ነበር። ይዘውት ይምጡ አልኳቸው። ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ፣ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡት። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። በጣታቸው እየዳበሱ «ይሄን እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት። እንጀራ ስጋግር ያዢልኝ ብሎኝ ከእጄ አመለጠኝ። አልተቆጣኝም እኮ» አሉ። ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ብዙ አለቀሱ። ስለ ልጃቸው አኗኗር ያወሩኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ቀን ያወሩት ስለ አሟሟቱ ብቻ ነበር።

ትምህርት ላይ አምስቱን የሐዘን ደረጃዎች (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) ተምረሻል። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ስትጽፍ የተነሳችው ራሳቸው ለሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ንግግር ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛን በደረጃ ለማሰለፍ አትድከሚ። እኔን የጠቀመኝ የሐዘን ተመራማሪዎቹ ስትሮብና ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሰው አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ኑሮው ይመላለሳል፤ መመላለሱ ጤና ነው ይላሉ። ጠዋት አልቅሳ ከሰዓት ገበያ የወጣችን ሴት «ረሳችው» የሚል ጎረቤት ተሳስቷል።

ሕመም የሚሆንበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 የተራዘመ ሐዘንን የአእምሮ ሕመሞችን በሚዘረዝረው መመሪያው ሲያስገባ፣ ለአዋቂ ቢያንስ 12 ወር ማለፍ አለበት ብሏል። እኛ ጋ እስከ ሙት ዓመት ጥቁር መልበስ ወግ ነው፤ በልብሷ አትፍረጂ። ይልቅ ትበላለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ፣ ከሰው ጋር ትገናኛለች ወይ ብለሽ ጠይቂ። መሞት ትፈልግ እንደሆነም በግልጽ ጠይቂያት። አዎ ካለችሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ እንድትደርስ አድርጊ።

ትችይዋለሽ ወይ? ለብቻሽ አትችይውም። እኔ በቀን ከሦስት ሐዘንተኛ በላይ አልቀበልም። በየሁለት ሳምንቱ አንዲት አንጋፋ ባለሙያ ጋ ሄጄ የከበደኝን አወራለሁ። አባቴ ሲሞት ሥራዬን አራት ወር አቁሜያለሁ፤ ያን ጊዜ የሰው እንባ ስሰማ የማለቅሰው ለራሴ ነበር።

ለመጀመር ከፈለግሽ የሰፈርሽን እድር ዳኛ አነጋግሪያቸው። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ያገኘሁት በእሳቸው ዓይነት ሰው ነው። ከአርባው ወዲህ ማን ከቤት መውጣት እንዳቆመ፣ የማን በር ተዘግቶ እንደሚውል ያውቃሉ።