እግርና ብርድ፦ ለነርሷ የቀረቡ ጥያቄዎች

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ የስኳር ሕመምተኞችን እግር የምከታተል ነርስ ነኝ። በረዶው እየመጣ ስለሆነ ስለ እግር የምትጠይቁኝ ካለ እስከ ማታ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ወደ ሂተር፣ ወደ ከሰል ወይም ወደ ሙቅ ውኃ አያስጠጋ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦ ሲስተር፣ የምሠራው መጋዘን ነው፤ የጭነቱ በር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤም ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

ሲስተር፦ የሚያደነዝዝህ መደረቡ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጫማ ሲጠብ ደም ወደ ጣት እንደልብ አይደርስም፤ ሙቀት የሚይዘውም በካልሲው መካከል ያለው አየር ነው፣ እሱም ተጨምቆ ይወጣል። ጫማህ ውስጥ ጣቶችህን እንደልብ ማንቀሳቀስ ካልቻልክ አንዱን ካልሲ አውልቀው።

ሁለተኛ፣ ካልሲህ ከምንድን ነው የተሠራው? ጥጥ ከሆነ ጣለው። እግር በብርድም ያልበዋል። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ እንደረጠበ ይቀመጣል፣ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ሙቀትህን ይወስደዋል። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞም ያሞቃል። ሱፍ ያሳክከኛል የምትሉ ሜሪኖ የሚባለውን ቀጭን ሱፍ ሞክሩ። አንድ ጥንድ ትርፍ ይዘህ ሂድና በዕረፍት ሰዓት ቀይር። ብዙ ሰው ውድ ቦት ይገዛና በእርጥብ ካልሲ ሌሊቱን ይቆማል።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ብርዱ ከታችም ይገባል። የሱፍ ሶል ጨምርበት፤ ለሱ ቦታ እንዲኖር ጫማውን በግማሽ ቁጥር ከፍ አድርገህ ግዛ። ቤት ስትገባ ሶሉን አውጥተህ ለብቻው አድርቀው፣ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። ኮፍያና ጃኬትህንም አትርሳ፤ ሰውነት ሲበርደው ደሙን ለልብና ለሳንባ ይሰበስባል፣ መጀመሪያ የሚጎዱት እግርና እጅ ናቸው።

ከቶሮንቶ፦ እግር ለሚበርደው ሰው ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ዕድሜው ስንት ነው? ስኳር አለበት? ደም ማነስ? ታይሮይድ? ሲጋራ ያጨሳል? አንዱ እግር ነው ወይስ ሁለቱም? እሱን ጻፊልኝ።

ሹፌሩ፦ የትኛውን ቦት ልግዛ? ሳጥኑ ላይ እስከ −40 ይላል።

ሲስተር፦ ማርካ አልመርጥም። ቁጥሩን የሚጽፈው አምራቹ ነው፤ እየተራመድክ ወይስ ቆመህ የሚለውን አይነግርህም። ሰፋ ያለ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ሶሉ የሚወጣ ይሁን።

ከደብረ ብርሃን፦ እዚህ ታኅሣሥ ሌሊቱ ከባድ ነው። ማታ ከሰል አስገብተን እግራችንን እንሞቃለን። ጣቶቼ ላይ ቀላ፣ ጠቆር ያለ እብጠት ወጥቶ እያሳከከኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሲስተር፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ከሰሉን ከመኝታ ቤት አውጪ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፋ፣ ፍሙ ቀላ ተብሎ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ እንደተኛ ይቀራል።

እብጠቱ ቺልብሌይን የሚባለው ይመስላል። የሚመጣው በረዶ ባይኖርም፣ ብርድና እርጥበት ባለበት ነው። የበረደው እግር በአንዴ እሳት ሲቀርበው ይብሳል። ደረቅ የሱፍ ካልሲ አድርጊ፣ በብርድ ልብስ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ አትከኪው። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለቃል። ከቆሰለ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

የሰንበት ተማሪ፦ ሲስተር፣ ቅዳሴ ላይ ጫማ አውልቀን ሰዓታት እንቆማለን። የተከራየነው አዳራሽ ወለል ደግሞ በረዶ ነው። እናቶች ይቸገራሉ።

ሲስተር፦ ይህን የጠየቅክ ተባረክ። ዋናው ችግር ወለሉ ሳይሆን በሩ ነው። ሁሉም ጫማውን አንድ ቦታ ያወልቃል፣ ከቦቱ የራገፈው በረዶ እዚያው ይቀልጣል፣ እናቶቻችን ያንን ውኃ በካልሲ ረግጠው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ቅዳሴው እስኪያልቅ የሚቆሙት በእርጥብ ካልሲ ነው። ስለዚህ በየቦርሳችሁ ደረቅ የሱፍ ካልሲ ያዙ፤ እርጥቡን አልፋችሁ ተቀምጣችሁ ቀይሩ። ወጣቶች ደግሞ በሩ ላይ ውኃ የሚመጥ ምንጣፍና ለአረጋውያን ወንበር አዘጋጁ። መስጊድ የምትሄዱም እንዲሁ አድርጉ። ስኳር ያለበት ሰው ግን በባዶ እግሩ ፈጽሞ አይቁም፤ የወደቀ መርፌ ቢወጋው ላያውቀው ይችላል።

የሸዋ ልጅ፦ አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ውርጭ ረግጠው አስቀድሰዋል። አሁን ወፍራም ካልሲ ካልሆነ ማለት ቅምጥልነት ነው።

የሰንበት ተማሪ፦ ለሙሴ የተባለው «ጫማህን ከእግርህ አውልቅ» ነው። ካልሲ የከለከለ የለም።

የሸዋ ልጅ፦ ክርክሩ እሱ አይደለም፣ መንፈሱ ነው። ትንሽ መቸገር ከጾም ጋር . . .

ሲስተር፦ ሥርዓቱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ጣት መቆረጥ ግን ጾም አይደለም፤ ከካልሲ እጦት በጀመረ ቁስል ጣታቸውን ያጡ እናቶችን እግር አጥቤአለሁ። ሌላ ጥያቄ።

ከስቶክሆልም፦ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። ቅቤ ይሆናል?

ሲስተር፦ ቫዝሊን ወይም ቆዳ የሚያለሰልስ ዩሪያ ያለበት የእግር ክሬም፣ ከታጠብሽ በኋላ። በጣቶች መካከል አይቀባም።

ሹፌሩ፦ ቅቤ ምን አደረገ? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ነው የምትቀባው።

ሲስተር፦ መልሻለሁ።

እንግዳ፦ ለብርድ አረቄ ጥሩ ነው ይባላል።

ሲስተር፦ አይደለም። የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ ሙቀትህን ያስወጣዋል፤ የሞቀህ ይመስልሃል እንጂ እየበረደህ ነው።

ሹፌሩ፦ ባለፈው ዓመት መኪናዬ ቆሞብኝ ጣቴ ነጭ ሆኖ ምንም አይሰማኝም ነበር። ጓደኛዬ በበረዶ እሸው አለኝ።

ሲስተር፦ በበረዶም በእጅም አይታሽም። ቆዳው ውስጥ በረዶ ሠርቷል፤ ስታሸው ሥጋውን ትቆርጠዋለህ። ፍሮስትባይት ይባላል። እርጥቡን አውልቅ፣ ወደ ሐኪም ሂድ። ሐኪም ሩቅ ከሆነና እግርህ እንደገና የማይበርድበት ቤት ከደረስክ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ውኃውን በቴርሞሜትር ለካ፣ ከሌለ ጤነኛ ሰው በክርኑ ይሞክረው። ሲመለስ ያማል። እንደገና ብርድ ውስጥ የምትወጣ ከሆነ ግን አታሙቀው፤ ሞቆ ደግሞ የበረደ ይብሳል።

ከዲሲ፦ ስኳር አለብኝ። ማታ ሙቅ ውኃ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ እግሬ ሥር ባስቀምጥስ?

ሲስተር፦ ከላይ ያልኩትን ያነበበ ሰው የለም? ላስቲክም ሂተርም አይሆንም! ምክንያቱን ልንገርዎት። ስኳር ከቆየ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ እግሩ እየተቃጠለም «እግርዎን ይሰብስቡ» የሚል መልእክት አይደርስዎትም። ቆዳ እንዲቃጠል የፈላ ውኃ አያስፈልግም፤ 44 ዲግሪ ሴልሺየስም ቢሆን ለ6 ሰዓት ከነካው ያቃጥላል። ያ ደግሞ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ላስቲኩን ከመተኛትዎ በፊት አልጋውን ያሙቁበትና ያውጡት፤ እርስዎ ካልሲ አድርገው ይግቡ።

ማታ ማታ ውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መካከል በመስታወት ይዩ፣ ካልሆነ ልጆችዎ ይዩልዎት። ጫማ ከማድረግዎ በፊት እጅዎን ከተው ይዳስሱ። በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪምዎ በቀጭን የናይሎን ክር እግርዎን ነክቶ ይመርምርዎት፤ ካልነካዎት «እግሬን እዩልኝ» ብለው ካልሲዎን ያውልቁ።

ከቶሮንቶ፦ ሲስተር፣ ቅድም የጠየቅኩት ለእናቴ ነው። ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አላት። ሂተሩ ላይ እግሯን ታስደግፋለች። ትናንት ተረከዟ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር አየሁ፤ አያመኝም ትላለች። ኢንሹራንስ ስለሌላት ሰኞ እስኪሆን ልጠብቅ ብዬ ነው።

ሲስተር፦ ሰኞ አትጠብቂ፣ አሁን ሆስፒታል ውሰጃት። የማያመው መሆኑ ነው የሚያስፈራው። አታፈንጂው፣ ቅቤም ቅባትም አታድርጊበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው፣ እንዳትረግጥበት ደግፊያት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ያዢ። በር ላይ «ስኳር አላት፣ እግሯ ተቃጥሏል» በያቸው። ስለ ክፍያው እዚያው ሶሻል ወርከር አገናኙኝ በይ። ሐኪም ካያት በኋላ ጻፊልኝ፤ አልተኛም፣ እጠብቅሻለሁ።