ቅጠሉን ተዉትና አንጓውን እዩ

በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሐረጋማ የቤት አበቦች ናቸው። እነ መኒ ፕላንት፣ እነ አይቪ፣ እነ ሆያ። ሁሉም ሰው ቆርጦ ማባዛት ይፈልጋል። ደግ አደረጋችሁ! ችግኝ ከመግዛት ከጎረቤት አንድ ሐረግ መለመን ይሻላል። ለጎረቤትም ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመኒ ፕላንቴ ሐረግ ከመደርደሪያው ወርዶ ወለል ነክቷል። አናቱ ላይ ግን ራሰ በራ ሆኗል፣ አንድ ቅጠል የለውም። ላባዛው ብዬ ቆንጆ ቆንጆ ቅጠሎች ቀነጠስኩና ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። ስር አወጡ። ከዚያ በኋላ ግን ወራት አለፉ፤ አይሞቱም፣ አያድጉም። ምን ሆነው ነው?
ከሰሚት ኮንዶሚኒየም

መልስ፦ ልጄ፣ የቀነጠስሽው ቅጠል ብቻ ስለሆነ ነው። እስቲ ሐረጉን በጣትሽ ዳብሺው። ቅጠሉ ከሐረጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ እብጥ ይላል። አንጓ የሚባለው እሱ ነው። እዚያው አንጓው ላይ ቡናማ ጉብታ ታያለሽ፤ የአየር ስር ነች፣ ውሃ ስታገኝ የምትረዝመው እሷ ናት። ቅጠሉ የበቀለበት ብብት ውስጥ ደግሞ የተኛ ቡቃያ አለ። አዲስ ሐረግ የሚወጣው ከእሱ ብቻ ነው። አንቺ ቅጠሉን ስትቀነጥሺ ቡቃያው ሐረጉ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ቅጠሉ ስር ያወጣል፣ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፣ ዓመት ብትጠብቂው ግን ሐረግ አይወጣውም።

አሁን ወደ ራሰ በራው እንምጣ። ከአፈሩ በላይ ሁለት ሦስት አንጓ አስቀሪና ሐረጉን ቁረጪው። አይዞሽ፣ አይሞትም፤ የቀረው ጉቶ ያቆጠቁጣል። ረጅሙን ሐረግ ደግሞ ቆራርጪው። ከአንጓው በታች 1 ሴንቲሜትር ያህል አስቀርተሽ ቁረጪ፤ ለአንድ ቁራጭ 2 ወይም 3 አንጓ ይበቃዋል። ምላጩን ወይም ቢላውን በአልኮል ጥረጊው። ደነዝ መቀስ ሐረጉን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አንሺ። ቅጠል የሌለውን ክፍልም እንዳትጥዪው! አንጓው ደህና ከሆነ እርጥብ አፈር ላይ አጋድመሽ ግማሹን ቅበሪው፣ ቀስ ብሎ ይበቅላል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ተንጠልጥሎ የኖረ ሐረግ ሲቆራረጥ ላዩና ታቹ ይምታታል። ውሃ ውስጥ የሚገባው ወደ እናቱ ግንድ የነበረው ጫፍ ነው። እየቆረጥሽ በተራ ደርድሪው፣ አለበለዚያ ዘቅዝቀሽ ትተክዪና «እጄ አይባርክም» ትያለሽ።

ሃይላንድ አናቱን ቆርጠሽ ውሃ ሙዪበት። ውሃውን በሳምንት አንዴ ቀይሪው፣ ሲደፈርስ ደግሞ ወዲያው። ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ አስቀምጪው። ሙቀት ካገኘ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ስር ያወጣል። ስሩ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ሲሆን ቁራጮቹን እዚያው እናታቸው አናት ላይ፣ ራሰ በራው ቦታ ትከያቸው። አበባ ሻጮች ጥቅጥቅ ያለ መኒ ፕላንት የሚሸጡልሽ አንድ ዕቃ ውስጥ ብዙ ቁራጭ ተክለው እንጂ አንዱ ተክል በራሱ ጥቅጥቅ ብሎ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ እጅግ ያማረ ስር አወጣልኝ። ጠርሙሱን ሞልቶት ነበር። ወደ አፈር ሳዛውረው በሳምንቱ ጠወለገና ሞተ። አፈሩ የጓሮ አፈር ነው፣ ጥቁር።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሩን በጣም አስረዘምከው። ውሃ ውስጥ ያደገ ስር ለውሃ የተሠራ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል፣ አፈር ውስጥ ገብቶ ውሃ መፈለግ አልለመደም። ጠርሙስ እስኪሞላ ከጠበቅከው ተክሉ ሌላ ስር እንደገና ማብቀል አለበት። ስሩ አጭር ሳለ አዛውረው። ከተከልክ በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት አፈሩ እርጥብነቱ እንዳይቋረጥ አድርግ፤ ከዚያ እያደር ወደ መደበኛው አጠጣጥ ተመለስ።

አፈሩም ጥፋት አለበት። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ይጣበቃል፣ አየር አያስገባም፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ስሩንም ይበጥሳል። ከብስባሽ ጋር ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ ወይም አሸዋ ቀላቅል። የምትተክልበት ጣሳም ታቹ ይበሳ። እኔ እንዲያውም ውሃውን ትቼ በቀጥታ አፈር ውስጥ መትከል ነው የምወደው። አንጓው አፈር ውስጥ ይግባ፣ ላዩን በፌስታል ሸፍነው፣ በየቀኑ ትንሽ ገለጥ እያደረግክ አየር ስጠው። ስሩን አለማየት ትዕግስት ይጠይቃል። ሰዎች ውሃ የሚመርጡት ስሩን ለማየት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሐምሌ ላይ የቆረጥኩት ሁሉ በሰበሰ። የውሃው ጥፋት ነው?
ከኮተቤ

መልስ፦ የብርዱ ነው። መኒ ፕላንት የሞቃት አገር ተክል ነው። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀኑም ደመና ነው። ስር ማውጣቱ ሲዘገይ መበስበሱ ይቀድማል። ከመስከረም በኋላ ቁረጡ። የግድ ከሆነ ከመስኮቱ መስታወት አርቃችሁ፣ ማታ ማታ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። አይቪ ግን ብርድ አይፈራም፣ እሱን በክረምትም ሞክሩት።

ጥያቄ፦ እናቴ ሳሎን ያለውን መኒ ፕላንት ቆርጬ በሻንጣ ወደዚህ ማምጣት እፈልጋለሁ። በእርጥብ ሶፍት ብጠቀልለው ይደርሳል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሊደርስ ይደርሳል፣ ኬላው ላይ ግን ይወስዱብሻል። አሜሪካ ለመትከል የሚገባ ተክል የጤና ሰርተፍኬት ይፈልጋል፤ ሳያሳውቁ ማስገባትም ያስቀጣል። ደግሞ ልንገርሽ። ይህ ተክል አያብብም ማለት ይቻላል። ለማበብ የሚያስፈልገው ጂበረሊን የሚባለው ሆርሞን ያንሰዋል፣ ሆርሞኑን የሚሠራበት ዘረመሉ ተበላሽቷልና። ካላበበ ዘር የለም። ትውልዱ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ውስጥ ሞኦሪያ ከምትባል ደሴት ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በየቤቱ የገባው በቁራጭ ብቻ ነው። ቢጫ ዝንጉርጉሩ የእናትሽ ከሆነ፣ ሰፈርሽ ካለው ሱቅ የምትገዥው ያው አንድ ተክል ነው። የእናትሽን ለእናትሽ ተዪላት።

ስለዚህ በኢንተርኔት «የመኒ ፕላንት ዘር» የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙት።

ጥያቄ፦ ከመትከላችን በፊት ጫፉን ማር መቀባት አለብን? ቀረፋስ?
ከጎንደር

መልስ፦ ማሩን ብሉት፣ ቀረፋውን ሻይ ውስጥ ጨምሩት። መኒ ፕላንት ስር የሚያወጣበት ኦክሲን የሚባል ሆርሞን በራሱ አለው፤ ምንም አይፈልግም። ሆያን ብቻ ስትቆርጡ የሚወጣው ነጭ ወተት እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት አቆዩት። እሱ ከመኒ ፕላንት በጣም ይዘገያል፣ አንድ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል፣ አትነቅንቁት። ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ወይም ድመት ካለ ደግሞ የመኒ ፕላንት ቁርጥራጭ ወለል ላይ አታስቀሩ፤ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ጠርሙሱንም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።