ጥያቄና መልስ፦ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳትና የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት

ስለ ጥንት ጳጳሳትና ስለ ነገሥታቱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ጥ፦ መምህር፣ ጳጳሱ ለምን ሁልጊዜ ግብፃዊ ይሆን ነበር? ከእኛ ሰው ጠፍቶ ነው?

መ፦ ሰውማ ሞልቶ ነበር። ችግሩ ፍትሐ ነገሥት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ መኖሩ ነው፣ ያውም በኒቅያ ጉባኤ ስም። የኒቅያ ቀኖናዎች 20 ብቻ ናቸው፣ ይሄኛው እዚያ ውስጥ የለም፣ በኋላ የተለጠፈ ነው። ግን ሠርቷል! የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት 1951 ላይ ነው፣ አስቡት።

ጥ፦ ቋንቋውን የማይሰማ እንግዳ ሰው ምን ሥልጣን ይኖረዋል? የንጉሥ አሻንጉሊት ነው ባይ ነኝ።

መ፦ አልስማማም። ክህነት የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ፣ ቀጣዩ ከካይሮ እስኪመጣ አዲስ ቄስም ዲያቆንም የለም፣ ይሄ ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰው ሲካን አየሁ ብሎ ጽፏል። ሰዉ ክህነት ቢያጣ ነው እንዲህ የሚጎርፈው። መሬቱና ወታደሩ የንጉሡ ነው፣ ሕዝቡ የሚሰማው የገዳም አበምኔቶችን ነው፣ የጳጳሱ ጉልበት ይቺው እጁ ናት። ቀላል ግን አይደለችም።

ጥ፦ አቡነ ያዕቆብ ንጉሡን በሚስት ነገር ገሠጹት የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ እውነት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም ደፋሩ እሳቸው ናቸው። የመጡት 1337 ላይ፣ በዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ሸዋ ያኔ በስም እንጂ በሙሉ ልቡ ገና አልተጠመቀም፣ ስለዚህ ከደብረ አስቦ (የዛሬው ደብረ ሊባኖስ) መነኮሳት ጋር አበሩ። 12 ንቡራነ እድ (የየአካባቢው የሃይማኖት አለቆች) ሾመው አገር አካፈሏቸው፣ በየፊናችሁ ስበኩ አሏቸው። እስከዚህ ድረስ ንጉሡም አይከፋውም፣ የሱም ግዛት ነው የሚጠናው።

ጠቡ የመጣው «አንድ ሚስት» ሲሉት ነው። ቤተ መንግሥቱ ብዙ ሚስት የለመደ ነው፣ ጋብቻውም ፖለቲካ ነው። የአባቱን ሚስት አገባ ተብሎም ተወግዟል። ከመነኮሳቱ አንዱ አኖሬዎስ በንጉሡ ፊት ተገረፈ። እንደሚተረከው ደሙ የፈሰሰበት መሬት ነደደና እሳቱ የንጉሡን ሰፈር በላው። የቤተ መንግሥት ሰዎች ደግሞ መነኮሳቱ ናቸው የለኮሱት አሉ። (እኔ ማንንም አላመንኩም፣ ድንኳን ያለበት ሰፈር ለመቃጠል ብዙ አይፈልግም።) ያም ሆነ ይህ መነኮሳቱ ተጋዙ።

በ1344 ሰይፈ አርዕድ ነገሠ። ገድላቱ እንደሚሉት መጀመሪያ በአንድ ሚስት እኖራለሁ ብሎ ቃል ሰጠ፣ ውሎ ሳያድር አፈረሰው። አቡነ ያዕቆብና የደብረ አስቦው አበምኔት ፊልጶስ ዝም አላሉም። ውጤቱ? ጳጳሱ ወደ ግብፅ ተመለሱ፣ ፊልጶስ በስደት ሞተ።

ጥ፦ የተተኩትስ ምን አደረጉ?

መ፦ አቡነ ሰላማ፣ 1348 መጥተው እስከ 1388። ከንጉሡ ጋር አልተነካኩም፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መጻሕፍት ማስተርጎም ላይ ተጠመዱ፣ መተርጉም የተባሉትም ለዚህ ነው። ፈሪ ነበሩ የሚል ካለ መጻሕፍቱን ይቁጠር።

ጥ፦ የቅዳሜ ሰንበት ክርክር ላይ ጳጳሱ ተሸነፉ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት?

መ፦ በሁለት ዙር። የሰሜኑ መነኩሴ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜንም እንደ እሑድ ያከብሩ ነበር፣ ከጳጳሱም ክህነት አይቀበሉም። ጳጳሱን የምትልከው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን፣ እስክንድርያ፣ ደግሞ ይሄ የአይሁድ ነው ትላለች። በ1400 ግድም ዐፄ ዳዊት መሪዎቻቸውን አስጠራ፣ አቡነ በርተሎሜዎስ ቅዳሜን ተዉ አሉ፣ የደብረ ቢዘኑ ፊልጶስ (ሌላ ፊልጶስ ነው) እምቢ ብሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ታሰረ። ግን ሰሜኑ እየከዳው መሆኑ ሲገባው፣ ንጉሡ በ1404 ፈታውና ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀደ። ጳጳሱ እያዩ!

ሁለተኛው በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ የሰንበት ወገን ነበር። ሁለቱ ጳጳሳት፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፣ ቅዳሜ እንዲከበር ተስማሙ። ኤዎስጣቴዎሳውያንም በምላሹ ከጳጳስ እጅ ክህነት ተቀበሉ። ስለዚህ «ተሸነፉ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፣ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል የቆየው ከጳጳስ ክህነት አንቀበልም የሚል እምቢታ ያበቃው ጳጳሳቱ ቅዳሜ ይከበር ስላሉ ነው። ዋናው አትራፊ ግን ንጉሡ ነው፣ ሁለቱንም ወገን ጠቀለለ።

ጥ፦ ደብረ ምጥማቅ ግብፅ ነው ወይስ እዚህ?

መ፦ ሁለቱም አለ። የግብፁ ገዳም ፈረሰ የሚል መርዶ ከፓትርያርኩ ሲደርሰው፣ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያው ስም ተጉለት ላይ ለእመቤታችን አሠራ። ጉባኤው የተደረገው የተጉለቱ ላይ ነው።