መልስ፦ የካርቶን ባጃጅ ጎማ ለምን ይወላገዳል?

ሰላም ወንድሜ፣ የካርቶን ባጃጅህ ጎማ ሲገፋ ይወላገዳል ነው ያልከው። ጎማውን ከአንድ ንጣፍ ብቻ ስለቆረጥከው ይመስለኛል። እኔ ለአንድ ጎማ አራት ክብ በኮምፓስ እቆርጥና የካርቶኑን መስመር አንዱን በቁም፣ ሌላውን በአግድም እያደረግኩ በኮላ ደራርቤ መጽሐፍ ጭኜበት አሳድረዋለሁ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ እንዳትቸኩል። ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ከባጃጁ ሥር አጣብቅና ቀጭን ዘንግ አሳልፍበት። ጎማው ከዘንጉ ጋር ይጣበቅ፣ ዘንጉ ግን ቀፎው ውስጥ እንደ ልቡ ይዙር። ዋናው ነገር እሱ ነው። ልኩን 1 ለ 20 ያዝ፤ 2.6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባጃጅ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆንልሃል። ካርቶኑን ከማጠፍህ በፊት በማይጽፍ እስክሪብቶ ጫን ብለህ አስምረው። ስትጨርስ ፎቶውን ልቀቀው፣ በጣም ማየት እፈልጋለሁ።