«ካይሮፕራክተር ልሁን?» ላልሽኝ እህቴ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ፊዚዮቴራፒ ተምረሽ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። አሁን ካይሮፕራክቲክ፣ ማለትም አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ፣ ውጭ ተምረሽ መመለስና ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ የራስሽን ክሊኒክ መክፈት ትፈልጊያለሽ። «እንጀራ ይሆነኛል ወይ? ለሙያው ምርምርስ አዲስ አበባ ሆኜ ምን ላግዝ እችላለሁ?» ብለሻል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለእኔ ግን ሁለቱም መልሳቸው አንድ ቦታ ነው ያለው፤ የታካሚ ካርድሽ ላይ።

ታካሚ አታጪም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። ሜክሲኮ ቆመሽ የሚኒባስ ረዳቱን እዪው። ጣሪያው ስለማያስቆመው ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ሂሳብ ይሰበስባል። ማታ ወገቡ ሲይዘው የት ይሄዳል? ወጌሻ ጋ። ወጌሻው አሽቶ «ቋ» ካደረገለት ዳንኩ ብሎ ይነሳል።

አንቺንም መጀመሪያ የሚያዩሽ በዚያው ዓይን ነው። አይክፋሽ። ሙያውን በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዳቬንፖርት ከተማ ውስጥ የጀመረው ዲ. ዲ. ፓልመርም ሐኪም አልነበረም። የመጀመሪያ ታካሚው ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሰው ነበር፤ አከርካሪውን አስተካክዬ መስማት ቻለ ብሎ ነው የተነሳው። አንቺ ጆሮ እከፍታለሁ፣ ደም ግፊት አወርዳለሁ እንዳትዪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም አከርካሪን በእጅ ማከም ከአማራጮቹ አንዱ እንደሆነ ይጠቅሳል፤ ከስፖርትና ከምክር ጋር። ማስታወቂያሽ ላይ ከዚህ በላይ አትጻፊ።

ትምህርቱ እዚህ የለም። በአህጉራችን የታወቁት ደቡብ አፍሪካ ያሉት ናቸው፤ የደርባን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ። እስከ ማስተርስ ስለሚዘልቅ ስድስት ዓመት ገደማ ያስፈልግሻል። ከመሄድሽ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ይዘሽ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሂጂ፤ ስለ አቻ ግምት ጠይቂ። ጤና ሚኒስቴርም በምን የሙያ ስም እንደሚመዘግብሽ ጠይቂ። የሚሰጡሽን መልስ በጽሑፍ ተቀበዪ። ይህን አጥብቄ የምልሽ በምክንያት ነው። በሌላ የጤና ሙያ ውጭ ተምሮ የመጣ አንድ ልጅ ሳማክር ፈቃዱን አስቀድመህ ጠይቅ ሳልለው ቀረሁ። ፎቅ ላይ ቤት ተከራየ፣ አልጋ ገዛ፣ ቀለም አስቀባ። ወረቀቱ ወራት ሲቆይ ያጠራቀመውን ኪራይ በላው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግሞ እዚህ አገር አከርካሪ ላይ እጅሽን ከማሳረፍሽ በፊት የአከርካሪ ቲቢን ማሰብ ግድ ነው። ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ፣ ትኩሳት ያለው፣ ጀርባው ላይ ጉብ ያለ ነገር የሚታይበት ሰው ከመጣ አትንኪው። በቲቢ የተበላ አጥንት ሲጫኑት ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘውን ደግሞ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ላኪው። ከጥቁር አንበሳ ሐኪሞች ጋር አሁኑኑ ተዋወቂ፤ አንቺ በጊዜ የላክሽው ታካሚ ነገ እነሱ አንቺ ጋ እንዲልኩ ያደርጋል። ስም የሚወጣው እንዲህ ነው። ሕመምተኛውን ይዛ የማታስቀር ባለሙያ ሰፈሩ ቶሎ ያውቃታል።

ወደ ምርምሩ ልምጣ። ዴንማርክ ውስጥ፣ ኦደንሴ ላይ፣ የካይሮፕራክቲክ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ነው የሚማሩት፤ ባለሙያዎቹም የራሳቸው የምርምር ፈንድ አላቸው። አንቺ ገንዘብ እስኪኖርሽ አትጠብቂ። ለእያንዳንዱ የወገብ ታካሚ ሦስት ነገር መዝግቢ። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? ስንት ደቂቃ መቀመጥ ይችላል? ሥራ ገብቷል ወይ? መጀመሪያ ቀን፣ በ4ኛው ሳምንት፣ በ12ኛው ሳምንት። የቀረውን ታካሚ ስልክ ደውለሽ ጠይቂው። የመጡትን ብቻ ከቆጠርሽ ሁሉም የዳነ ይመስልሻል። ያልተሻለውንም ያባሰበትንም ሳትደብቂ ጻፊ። የአዲስ አበባ የሸማኔ፣ የሾፌር፣ የጉልበት ሠራተኛ ወገብ እንዴት እንደሚድን ለማወቅ እንዲህ ያለ መዝገብ ትልቅ ነገር ነው። ለጥናት ልታውዪው ስትፈልጊ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተመራማሪ ይዘሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድመሽ አውጪ፤ ታካሚውም ይስማማ።

ይህን ለመጀመር ደርባን መድረስ አያስፈልግሽም። ኃላፊሽን አስፈቅጂና አሁን ባለሽበት ክሊኒክ ከሰኞ ጀምሪ። ሃያ ታካሚ 12 ሳምንታቸውን ሲጨርሱ ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ፤ የማመልከቻውን ደብዳቤ ያኔ አብረን እናዘጋጃለን።