ብድር በዛ ማለት የፋይናንስ ተቋማት አደጉ ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የአንድ ሀገር የፋይናንስ ተቋማት በሠላሳ ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንዳደጉ መለካት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ለግሉ ዘርፍ የተሰጠው ብድር ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ጋር ያለው ምጣኔ ይበቃሃል ይሉኛል። የሥራ ባልደረባዬ ግን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ያዘጋጀውን የፋይናንስ ዕድገት መለኪያ እንድጠቀም ይመክረኛል። ሁለቱን ሳነጻጽር በአንዳንድ ዓመታት አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር ስላልሆነ አልፎ አልፎ መለያየታቸው ሊያስደነግጥዎ አይገባም። የአማካሪዎ ምክር መሠረት አለው፤ ኪንግ እና ሌቪን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 የ80 ሀገራትን የ1960–1989 መረጃ ይዘው ፋይናንስና ዕድገት ያላቸውን ዝምድና ካጠኑ ወዲህ የብድር ምጣኔ የዘርፉ ዋና መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። መረጃው ለብዙ ሀገራት፣ ለረጅም ዘመን መገኘቱም ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ምጣኔው የሚነግረን ስለ ጥልቀት፣ ማለትም ፋይናንሱ ከኢኮኖሚው አንጻር ስላለው መጠን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በጥንቃቄ ካላነበብነው ያሳስተናል።

ምጣኔው ሲለወጥ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የተለወጠው ብድሩ ነው ወይስ የሚካፈልበት ምርት የሚለው ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የምርት ስሌቷን መነሻ ዓመት (ስሌቱ እንደ ማነጻጸሪያ የሚይዘውን ዓመት) ከ1990 ወደ 2010 ስታሸጋግር፣ የ2013 ምርቷ ቀድሞ ከተገመተው በ89 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ባንኮቹ ያበደሩት ገንዘብ ሳይነካ የብድር ምጣኔው ግማሽ ወደሚጠጋ ደረጃ ወረደ ማለት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ስሌት ሳያስተካክል በአንድ መስመር የሚያገናኝ ሰው ያልተፈጠረ የባንክ ቀውስ ሊያይ ይችላል። በተቃራኒው ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ቀድሞ የተሰጠው ብድር በመዝገብ ላይ ስለሚቆይ፣ ምርት በመቀነሱ ብቻ ምጣኔው ያድጋል። ባንኮች የተበላሸ ብድርን ከመዝገባቸው ሲሰርዙም ምጣኔው ይወርዳል፤ ያ ዓመት ግን ተቋማቱ ጤናቸውን መመለስ የጀመሩበት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የዋጋ ንረት አለ። ብድር የሚመዘገበው በዓመቱ መጨረሻ ባለው መጠን ሲሆን ምርት ግን የሚሰላው ዓመቱን ሙሉ በተመረተው ነው። ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት ሀገር የምጣኔው ላይ (ብድሩ) በዓመቱ ማብቂያ ዋጋ፣ ታቹ (ምርቱ) በዓመቱ አማካይ ዋጋ ስለሚለካ ምጣኔው ከእውነተኛው በላይ ይታያል። የተለመደው መፍትሔ የያዝነውንና ያለፈውን ዓመት ማብቂያ ብድር እያንዳንዱን በዓመቱ ማብቂያ የዋጋ መለኪያ አካፍሎ አማካያቸውን መውሰድ፣ ይህንንም በዓመቱ አማካይ ዋጋ ለተስተካከለው ምርት ማካፈል ነው። አድካሚ ቢመስልም፣ የሚያጠኑት ሀገር የንረት ዘመን ካሳለፈ ይህን እርምጃ መዝለል አይገባዎትም።

ብድር መብዛቱ ብቻውን የተቋማትን ጥንካሬ እንደማያሳይ አይስላንድ ምስክር ናት፤ የሦስቱ ታላላቅ ባንኮቿ ሀብት የሀገሪቱን ዓመታዊ ምርት አሥር እጥፍ ገደማ በደረሰበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ሦስቱም በቀናት ውስጥ ወደቁ።

የባልደረባዎ ምርጫ ይህን ጠባብነት በከፊል ያሰፋል። የአይኤምኤፍ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1980 የሚጀምር ሲሆን ተቋማትንና ገበያዎችን ለይቶ ይመዝናል፤ ጥያቄዎ ስለ ተቋማት ስለሆነ አጠቃላዩን ትተው የተቋማቱን ክፍል ይውሰዱ። በዚህ ክፍል ጥልቀት ከብድር ሌላ የጡረታ ፈንድን፣ የጋራ መዋዕለ ንዋይ ፈንድንና የኢንሹራንስ ዓረቦንን ይጨምራል። ተደራሽነት በአዋቂዎች ቁጥር ልክ ባሉ የባንክ ቅርንጫፎችና ኤቲኤሞች፣ ቅልጥፍና ደግሞ በብድርና በተቀማጭ ወለድ መካከል ባለው ልዩነት፣ በሥራ ማስኬጃ ወጪና በትርፋማነት ይለካል። ሁሉም ተጠቃሎ ከ0 እስከ 1 ባለው ልክ ይቀመጣል።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ልብ ይበሉ። ተደራሽነትን በቅርንጫፍና በኤቲኤም መለካት ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረውን ኤምፔሳን የመሰለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያመጣውን ለውጥ አያይም፤ እንዲያውም ደንበኞች ወደ ስልክ ስለዞሩ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ውጤቱን ይቀንሳል። የአንድ ሀገር ነጥብ የሚሰላው ከሌሎች ሀገራት ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ አንጻር በመሆኑ መረጃው ሲታደስ ያለፉት ዓመታት ነጥቦችም ሊለወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የተለያየ ጊዜ እትሞችን አያቀላቅሉ። ከሁሉም በላይ መረጋጋት በመለኪያው ውስጥ የለም። የዓለም ባንክ የመረጃ ቋት ግን ከጥልቀት፣ ከተደራሽነትና ከቅልጥፍና ጋር መረጋጋትን አራተኛ አድርጎ ስለሚይዝ የተበላሸ ብድርና የካፒታል (የባንኩ የራሱ ገንዘብ) ምጣኔን ከዚያ ወስደው ለብቻ ቢያቀርቡ ይሻላል።

እኔ ብሆን የተጠቃለለውን ነጥብ በመግቢያ ላይ አሳይቼ ትንታኔውን በሙሉ በክፍሎቹ፣ ማለትም በጥልቀት፣ በተደራሽነትና በቅልጥፍና ላይ እሠራ ነበር። ሁለቱ መስመሮች የተለያዩባቸው ዓመታት የሚጣሉ ሳይሆኑ የጽሑፍዎ ዋና ጉዳይ ይመስሉኛል፤ በነዚያ ዓመታት ብድሩ፣ ምርቱና ቅርንጫፎቹ እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑ ለይተው ይጻፉ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለቤትነትን (ስንት አዋቂዎች የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ እንዳላቸው) በሚመለከት የዓለም ባንክ ጥናት ያወጣቸውን ቁጥሮች ወደኋላ አስልቼ ሠላሳውን ዓመት መሙላት እችላለሁን?

መልስ፦ አይችሉም። ጥናቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን የተካሄደውም በየዓመቱ ሳይሆን በየሦስት ዓመቱ ገደማ ነው። በዓለም ደረጃ ሒሳብ ያላቸው አዋቂዎች በ2011 51 በመቶ፣ በ2021 ደግሞ 76 በመቶ ነበሩ። ይህን ፍጥነት ይዞ ወደ ኋላ ማስላት የሞባይል ገንዘብ ያመጣውን ለውጥ ስልኩ ራሱ ላልነበረበት ዘመን መስጠት ይሆናል። ቁጥሮቹን ለመጨረሻዎቹ ዓመታት ብቻ፣ በተለየ ሠንጠረዥ ያስቀምጧቸው።