የሻንሲ ጉዳት የተመዘገበበት መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወንድሜ። «የመኪናው ታሪክ ላይ የሻንሲ ጉዳት ተጽፏል፤ ሻጩ በደንብ ተሠርቷል ይላል፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው፤ ልግዛው?» ብለሃል። ሻንሲ የመኪናው አጽም ነው፤ መልሱም የሚወሰነው የት ጋ እንደተመታና በምን መልኩ እንደተጠገነ በማወቅ ነው። መዝገቡ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ግን ሁለቱንም አትነግርህም። የራዲያተር መያዣው ብቻ የተጣመመ መኪናና የፊት ሻንሲው የታጠፈ መኪና በአንድ ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። የራዲያተር መያዣ በብዙ መኪኖች ላይ በብሎን ስለሚታሰር ተፈትቶ ይቀየራል፣ አለቀ። የታጠፈ ሻንሲ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ለማየት ከመሄድህ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ከጥገናው በፊት የተነሡ ፎቶዎች፣ የተቀየሩት ዕቃዎች የተዘረዘሩበት ደረሰኝ፣ ሻንሲው በማሽን ተጎትቶ ከተቃና በኋላ የተለካበት ወረቀት። ሥራውን የሚያውቅ ጋራዥ ልኬቱን ከፋብሪካው ልክ ጋር አወዳድሮ አትሞ ይሰጣል፤ የሚፈቀደው ልዩነት በአብዛኛው 3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሦስቱም ከሌሉ በቅናሹ አትታለል።

ፎቶው ላይ የበር ምሰሶዎቹ ወይም ከበሩ ሥር ያለው ደፍ ተመትቶ ካየህ፣ በእኔ አስተያየት እዚያው ተወው። በአዳዲስ መኪኖች እነዚህ ክፍሎች የሚሠሩት በጣም ጠንካራ ከሆነ ብረት ነው፤ በእሳት ሞቆ ሲቃና ጥንካሬውን ያጣል። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፣ በሁለተኛው ግጭት ግን ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የፊት ሻንሲውም በግጭት ጊዜ በተወሰነ ቅደም ተከተል እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። «እንዲጠነክር» ተብሎ ተጨማሪ ላሜራ ከተበየደበት ምቱን ወደ ተሳፋሪው ያሳልፋል፣ ኤርባጉ የሚፈነዳበትንም ጊዜ ሊያዛባ ይችላል።

መኪናው ጋ ስትደርስ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያዝ። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ80 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። 300 ካለፈ ድጋሚ ተቀብቷል፣ ወደ 1000 ከተጠጋ ከሥሩ ስቱኮ (የጎደጎደ ላሜራ መሙያ) አለ። በሩ ላይ ብቻ አትለካ፤ በሩን ከፍተህ ምሰሶውን ለካ። የፓራፋንጎና የኮፈን ብሎኖች ቀለማቸው ተልጦ ከሆነ ተፈትተዋል። ቀጥሎ ብየዳውን እይ፦ የፋብሪካ ብየዳ እኩል የተራራቁ ትናንሽ ክብ ጎድጓዳዎች ነው፤ የተሞረደ ወይም ያበጠ ካየህ ላሜራው ተቆርጦ ተቀጥሏል። ከደፉ ሥር ባለው የላሜራ ጠርዝ ላይ የሞርሳ ጥርስ ምልክት ካለ ደግሞ መኪናው መጎተቻ ማሽን ላይ ታስሮ ነበር ማለት ነው። መታሰሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ ሻጩ «ቀለም ብቻ ነው» ካለህ ግን ዋሽቶሃል። ፒክአፕ ከሆነ ሻንሲው ለብቻው ስለሚታይ ሥሩ ገብተህ የተጨማደደ ብረትና አዲስ ጥቁር ቀለም ፈልግ።

በዋጋው ርካሽ፣ በመረጃው ሀብታም የሆነው ምርመራ ግን የአራቱ ጎማ አላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልኬት) ነው። ምንም ከመነካቱ በፊት ያለውን ንባብ አትመው እንዲሰጡህ ንገራቸው። የግራና የቀኝ ካምበር (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ወይም ካስተር (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያየ ምክንያቱ መገኘት አለበት። በብዙ መኪኖች የፊት ካስተር ማስተካከያ የለውም፤ ስለዚህ «አላይመንት ይፈታዋል» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም። ኤስ ኤ አይ (SAI) የሚለውንም ቁጥር እይ፤ ያው ዘንግ ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። ካምበሩ ተለያይቶ ኤስ ኤ አይ በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነ የተጣመመው አሞርዛተሩ ወይም ጎማው የሚታሰርበት ክፍል ነው፤ ይቀየራል። ኤስ ኤ አይም ከተለያየ የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ ወይም ሞተሩን የሚሸከመው የታችኛው ፍሬም ቦታውን ለቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሻንሲው ሳይለካ ገንዘብ አታውጣ።

አላይመንት የሚሠራ በአቅራቢያ ካጣህ ጎማዎቹን አርጥበህ ደረቅ አስፋልት ላይ በቀጥታ አስነዳው። የኋላ ጎማዎች ዱካ ከፊቶቹ ሊጠብ ይችላል፣ ግን በግራም በቀኝም እኩል መጥበብ አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መኪናው ጎኑን ይዞ ነው የሚሄደው።

ኤርባግን በተመለከተ፣ ቁልፍ ስትከፍት መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ወይም ከሌላ መብራት ጋር እኩል ከጠፋ አንድ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል። የደህንነት ቀበቶዎቹንም እስከ መጨረሻው ስበህ የተተለተለ ክር ፈልግ፤ ግርጌው ላይ ያለውን የምርት ቀን ከመኪናው ዓመት ጋር አስተያይ።

ሁሉም ደህና ከሆነም ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ኢንሹራንስህ ጋ ደውል፤ ሙሉ ሽፋን ይሰጡ እንደሆነና መኪናውን በስንት እንደሚገምቱት ጠይቅ። ዛሬ የምታገኘውን ቅናሽ ነገ የአንተም ገዢ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት የምትይዘው ከሆነ ያዋጣ ይሆናል፤ ዓመት ነድተህ ልትሸጠው ካሰብክ ንጹሕ ታሪክ ያለው ፈልግ።